ጆርጅ ካርቨርን ቀና ያደረጉት ሰዎች

ፍሬሽማን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማነሳላቸው አንድ ሰው አለ፤ አሜሪካዊው የእርሻ ሳይንቲስት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር። ብዙዎቻችን የምናውቀው በኦቾሎኒ ምርምሩ ነው። እኔ ግን የምነግራቸው ተማሪ ሳለ ስለደረሱለት ሰዎች ነው። ዘንድሮ ስንገናኝ ለእናንተም ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

ካርቨር የተወለደው በሚዙሪ ግዛት፣ ባርነት ሊያበቃ ሲቃረብ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ወሰዱት፤ እሱ ሲመለስ እናቱ በዚያው ቀረች። ያሳደጉት የቀድሞ ጌቶቹ ናቸው። በአካባቢው የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ ስለማይቀበል በልጅነቱ ብቻውን ኒዮሾ ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ በአዋላጅነትና በልብስ አጠባ የሚተዳደሩት ወይዘሮ ማራያ ዋትኪንስ የማያውቁትን ልጅ አስጠጉት። እስከዚያ ድረስ የሚጠራው የካርቨሮቹ ጆርጅ ተብሎ፣ ልክ እንደ ንብረት ነበር። እሳቸው ግን ከእንግዲህ ስሙ ጆርጅ ካርቨር እንደሆነ ነገሩት።

ወጣት ሲሆን በካንሳስ ግዛት ያለ አንድ ኮሌጅ በደብዳቤ ተቀበለው፤ በአካል ሲቀርብ ግን ጥቁር ነህ ብሎ መለሰው። በዚህ ቅስሙ ተሰብሮ ለዓመታት ከትምህርት ራቀ። ወደ አይዋ ግዛት ከሄደ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲዘምር የሰሙት ሚልሆላንድ የተባሉ ነጭ ባልና ሚስት ቤታቸው ጋበዙት፤ ኮሌጅ ይግባ ብለውም ወተወቱት። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1890 ኢንዲያኖላ ከተማ ያለው ሲምፕሰን ኮሌጅ ገባ።

ክፍያውን ሲጨርስ ኪሱ ውስጥ የቀረው 10 ሳንቲም ነበር። በግማሹ የበቆሎ ዱቄት፣ በግማሹ የበሬ ሞራ ገዝቶ አንድ ሳምንት በዚያ አለፈ። መኖሪያው ደሳሳ ጎጆ፣ የቤት ዕቃው ባዶ ሳጥን፣ መተዳደሪያው የተማሪዎችን ልብስ ማጠብ ነበር። ልብስ ይዘው የሚመጡት ተማሪዎች ታዲያ ይህን አዩ። አንድ ቀን ክፍል ውሎ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ተቀምጦ አገኘ። ማን አመጣው ብሎ ቢጠይቅ እኔ ነኝ የሚል ጠፋ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በበሩ ሥር ሃምሳ ሳንቲም ወይም የኮንሰርት ትኬት ሾልኮ ገብቶ ያገኛል።

ትኬቷን ልብ በሉልኝ። የተራበ ሰው ምግብ እንጂ ሙዚቃ ምን ያደርግለታል ሊባል ይችላል። ትኬት ግን ና፣ አብረኸን ተቀመጥ ማለት ነው እኮ! ካርቨር ሰው መሆኑን ያመነው እዚያ ኮሌጅ እንደሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግሯል።

የሥዕል መምህሩ ኤታ ባድ የዕፅዋት ፍቅሩን አይታ እርሻ እንዲያጠና መከረችው፤ አባቷ በሚያስተምሩበት፣ ኤምስ ከተማ ባለው የአይዋ እርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1891 ገባ። እዚያ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር እንዳይበላ ተከልክሎ፣ ምድር ቤት ከሠራተኞች ጋር እንዲመገብ ተደረገ። ወሬው ኢንዲያኖላ ሲደርስ ወዳጁ ወይዘሮ ሊስተን ክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው በባቡር መጡ። አብረውት ግቢውን ዞሩ። ምግብ ሲደርስ ምድር ቤት ወርደው አጠገቡ ተቀምጠው በሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ፊት ይለወጥለት ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1892 መጨረሻ ላይም የሥዕል ኤግዚቢሽን ሊያመልጠው ሲል የክፍል ጓደኞቹ እየጎተቱ ወስደው ሙሉ ልብስ ገዙለት፤ የባቡር ትኬትም ሰጡት። ከሥዕሎቹ አንዱ በዓመቱ የቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የክብር እውቅና አገኘ።

በ1894 ዲግሪውን፣ በ1896 ማስተርሱን ያዘ። ከዚያም አላባማ ግዛት ወደሚገኘው ተስኪጊ ሄዶ፣ ጥጥ ያሟጠጠውን የድሃ ገበሬ መሬት በኦቾሎኒና በሌሎች ጥራጥሬዎች እያፈራረቁ ማዳንን ሲያስተምር እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1943 አረፈ። የተቀበለውንም አስተላልፏል። ኤምስ ሳለ የአንድ መምህር ትንሽ ልጅ አስከትሎ ዕፅዋት ያሳየው ነበር፤ ያ ልጅ ሄንሪ ዋላስ አድጎ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ለተስኪጊ ተማሪዎቹም ገንዘብ ያበድር፣ ከተመረቁ በኋላ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የተቸገሩ ተማሪዎችን መርዳት ከጀመርን ቆይተናል፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ነገር ግን በአንድ ዝግጅት ላይ ስማቸው በማይክ እየተጠራ፣ መድረክ ወጥተው ካሜራ ፊት ደብተርና ሳሙና ሲቀበሉ አይቻለሁ። አንዷ ልጅ ፊቷን በከረጢቱ ከልላ ነበር የወረደችው። ደብተሩን አግኝታለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ነው የሄደችው።

ስለዚህ ማኅበራችን ድጋፉን ያለ መድረክና ያለ ፎቶ፣ ማን እንደሰጠ ሳይነገር ዶርማቸው ድረስ ያድርስ እላለሁ። እኛ መምህራን ደግሞ ካፌ ስንገባ ከባልደረቦቻችን ጠረጴዛ ተነስተን፣ ብቻውን ከሚበላው ልጅ አጠገብ እንቀመጥ። ስሙን እንጠይቀው፤ በሚቀጥለው ቀን ስናገኘውም በስሙ እንጥራው።