አለቃ ገብረ ሐናና የተክሌ አቋቋም

የአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነሣ በብዙ ሰው ልቡና ቀድሞ የሚታወሰው ቀልዳቸው ነው። በእርግጥም አንደበታቸው ፈጣን፣ ነገራቸው ተናካሽ እንደ ነበረ ከአፍ ወደ አፍ ሲነገር ኖሯል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ በእርሳቸው ስም ስለሚነገር፣ የእርሳቸው የሆነውን ከሌላው ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ሆኗል። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ቀልዳቸውን ሳይሆን፣ ከቀልዳቸው ብዛት የተነሣ የተዘነጋውን ትልቅ ሥራቸውን ነው።

ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በዛሬው ደቡብ ጎንደር ዞን፣ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን እያቋረጡ ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ ክረምት ሲበረታም ከአፋቸው ገንፍለው አገሩን ውሃ ያለብሱታል። የሐይቁ ዳር ደንገልና ሸምበቆ የሞላበት ነው። ሕፃኑ ገብረ ሐና ዓይኑን የገለጠው በዚህ አገር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዚያ ዘመን ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። የደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ በዜማ ትምህርት የታወቀ ነው። ድጓን ማስመስከር የሚፈልግ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚፈልግ ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር፤ ሁለቱም ጉባኤ ቤቶች የሚገኙት በጋይንት ነው። አቋቋም ግን የጎንደር ከተማ ሀብት ነበረ። ገብረ ሐናም መሠረታዊውን ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ፣ ዘመነ መሳፍንት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ወደ ጎንደር ተሻግረው በበአታ ለማርያም መምህር ሆኑ። በቅኔም በአቋቋምም ስመ ጥር ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

አቋቋም ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ተማሪ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ በድምፅ ብቻ የሚባል አይደለም፤ በእግር፣ በእጅና በመላ ሰውነት ጭምር የሚቆም ነው። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ትይዩ ይሰለፋሉ። በመጀመሪያ ከበሮና ጸናጽል ሳይገባ በረጋ ድምፅ ያዜማሉ፤ ይህ ቁም ይባላል። ቀጥለው በመቋሚያቸው ያዘምማሉ፤ ይህ ዝማሜ ነው። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ተጨምረው መረግዱ ይቀጥላል። በመጨረሻ ከበሮው እየፈጠነ፣ እጅም እየተጨበጨበ ወደ ጽፋት ይደርሳል። አንዱን ቃል በዚህ ሁሉ ደረጃ አሳልፎ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ሥርዓቱን ጠንቅቆ ለማወቅም ዓመታት ያስፈልጋሉ።

በቀደመው የጎንደር ሥርዓት የሊቃውንቱ ሰውነትና መቋሚያ የሚንቀሳቀሰው ወደ ላይና ወደ ታች ነበር። አለቃ ገብረ ሐና ግን ሌላ ነገር አሰቡ። የጣና ማዕበል እየተንከባለለ መጥቶ ከዳር ሲደርስና ሲመለስ፣ ሸምበቆውም ነፋስ በነካው ቁጥር አብሮ ወዲያና ወዲህ ሲያጎነብስ ተመልክተው፣ ዝማሜውን በዚያ አምሳል እንዳዘጋጁት ይተረካል። በአዲሱ ስልት ሊቃውንቱ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይወዛወዛሉ፤ ረድፉ በሙሉ በአንድነት ሲያዘነብልና ሲቀና ከሩቅ ለሚያየው ውሃ ይመስላል። ለውጡ ያረፈው በእንቅስቃሴው ላይ ነው፤ ቃሉ ከያሬድ የተወረሰው ቃል ነው።

የጎንደር ሊቃውንት ይህን አዲስ ስልት አልተቀበሉትም። በዚህ ምክንያት እነርሱን ለውጥ የማይወዱ ግትሮች አድርጎ መቁጠር ይቀላል፤ ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይመስለንም። አቋቋም በመጽሐፍ ተጽፎ የሚቀመጥ ሳይሆን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በዓይንና በእግር የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። አንዱ መምህር አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ቢለውጥ፣ በበዓል ቀን ከልዩ ልዩ አድባራት የተሰበሰቡ ሊቃውንት አብረው መቆም አይችሉም። ሥጋታቸው ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። የአለቃ ተናካሽ አንደበትም በጎንደር ወዳጅ ያበዛላቸው አይመስልም! ያም ሆነ ይህ፣ መምህሩ በገዛ ደብራቸው ተቀባይ አጡ።

አለቃ ግን አንድ የማይከዳቸው ደቀ መዝሙር ነበራቸው፤ እርሱም ልጃቸው ተክሌ ነው። ወጣቱ ተክሌ የአባቱን ስልት ተምሮ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አቅራቢያ የምትገኝ ደገኛ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ የተመሠረተች ስትሆን፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት፤ ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራውም በአቅራቢያዋ ባለችው በጋፋት ነው። ከጎንደር ጋር ስትነጻጸር አዲስ ከተማ ነበረች። እንደ ጎንደር በዘመናት ብዛት የጸና የራሷ ሥርዓት ስላልነበራት ይሆናል፣ የደብረ ታቦር ካህናት ወጣቱን መምህር አላሳፈሩትም፤ እንዲያስተምር አበረታቱት። ቀን በቀን ሲለማመዱ ቆይተውም ስልቱን የራሳቸው አደረጉት። ጎንደር ያልተቀበለው የአባት ሐሳብ በልጁ እጅ ደብረ ታቦር ላይ ሥር ሰደደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ደብረ ታቦር በተገኙ ጊዜ ሊቃውንቱ በተክሌ ስልት ሲያዘምሙ አይተው እጅግ እንደ ተደሰቱና ባለሙያዎቹን ወደ እንጦጦ እንዳስመጧቸው ይነገራል። በዚህ ዓይነት ስልቱ ከጣና ዳር አገር ወደ ሸዋ ተሻገረ። አለቃ ገብረ ሐና ራሳቸውም በስተ እርጅናቸው በምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት የታወቁ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ከሚያወራላቸው ጨዋታ ብዙው ከዚህ ዘመናቸው ጋር የተያያዘ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና በ1898 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ያፈለቁት ዝማሜ በእርሳቸው ስም አይጠራም። በደብረ ታቦር ያሉ የአቋቋም ተማሪዎች መቋሚያቸውን ይዘው በረድፍ ሲቆሙ የሚማሩትን ስልት የሚጠሩት በልጃቸው ስም፣ ተክሌ ብለው ነው።