የኮህ ፈሳሽ፦ ፈዋሽ ሊሆን ታስቦ መርማሪ ሆኖ የቀረው ቱበርኩሊን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 መገባደጃ ወደ በርሊን የሚገቡ ባቡሮች ሳል የበረታባቸውንና ሰውነታቸው የመነመነ ሕሙማንን ጭነው ይደርሱ ነበር። የከተማዋ ሆስፒታሎችና ማረፊያ ቤቶች ተጨናነቁ። ሁሉም የመጡት የአንድ ሐኪም ስም ሰምተው ነው፤ የሮበርት ኮህን ስም። ከስምንት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ለዓለም ያሳዩት ሰው አሁን ደግሞ መድኃኒቱን አገኙ ተብሎ ነበር። ፈሳሹ ግን አልፈወሰም። የሚደንቀው እሱ አይደለም፤ ያልፈወሰው ፈሳሽ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በላም አንገትና በሰው ክንድ ቆዳ ውስጥ እየተወጋ የታመመውን ከጤነኛው መለያ መሆኑ ነው።

ኮህ የተወለዱት በ1843 በጀርመን ሐርዝ ተራራማ አካባቢ በምትገኘው ክላውስታል በተባለች የማዕድን ከተማ ነው። በጎቲንገን ሕክምና ተምረው በ1866 ተመረቁ። በ1872 ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ባለችው ቮልሽታይን የወረዳ ሐኪም ሆነው ተሾሙ። አካባቢው የአርሶ አደርና የአርቢ አገር ነበር፤ በጎቹንና ከብቶቹን የሚፈጀውም የእኛ ገበሬዎች አባ ሰንጋ የሚሉት በሽታ ነው። አንዳንድ ማሳ ከብት በገባበት ቁጥር ለዓመታት ሲገድል ገበሬው ያያል፤ ምክንያቱን የሚነግረው ግን አልነበረም።

ወጣቱ ሐኪም ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም። ያላቸው ማይክሮስኮፕና በመኖሪያ ቤታቸው የከለሏት ጠባብ ቦታ ብቻ ነበሩ። በተሳለ የእንጨት ስንጥር ከሞቱ ከብቶች ጣፊያ ደም እየወሰዱ አይጦችን ወጉ፤ ተህዋሱንም ከበሬ ዓይን በተወሰደ ውኃ ውስጥ አራቡት። በ1876 ያሳዩት ነገር የማሳውን ምስጢር ፈታ፤ ተህዋሱ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ በአፈር ውስጥ ዓመታትን ይጠብቃል። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አይበለት፣ ቆዳው አይገፈፍ የሚለው የእንስሳት ሐኪሞች ምክር መሠረቱ ይኸው ነው።

በ1882 በበርሊን ባቀረቡት ጥናት የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ገለጹ። በዚያ ዘመን ከሰባት ሟቾች አንዱ በዚሁ በሽታ የሚሞት ነው ተብሎ ይገመት ነበር። እንግዲህ በ1890 በዓለም አቀፉ የሕክምና ጉባኤ ላይ የተህዋሱን እድገት የሚገታ ነገር እንዳገኙ ሲናገሩ ዓለም ያመናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ችግሩ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ፈሳሹ ከምን እንደተሠራ ኮህ አልገለጹም፤ ውጤቱም በበቂ ሁኔታ ሳይመዘን በሺዎች ላይ ተወጋ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ሕሙማን ይሞቱ ጀመር። ታዋቂው የበሽታ ተመራማሪ ሩዶልፍ ቪርሾ አስከሬኖችን መርምረው መርፌው በሽታውን እንደሚያባብስ የሚጠቁም ማስረጃ አቀረቡ። በ1891 መጀመሪያ ኮህ ፈሳሹ በግሊሰሪን የተጣራ የተህዋሱ ጭማቂ መሆኑን አስታወቁ፤ ወዲያውም ወደ ግብፅ ሄዱ። ስማቸው ከዚህ በፊት እንዲህ ወድቆ አያውቅም።

በዚያው ግርግር ውስጥ ግን አንድ ነገር ተስተውሎ ነበር። ጤነኛ ሰው ትንሽ መጠን ሲወጋ ብዙም አይሰማውም፤ ተህዋሱ በውስጡ ያለበት ሰው ግን ትኩሳት ይነሣበታል። ኮህም ፈሳሹ ለምርመራ እንደሚጠቅም ከመጀመሪያው ጠቁመዋል፤ በወቅቱ ሕዝቡ የፈለገው ፈውስ ስለነበር ያን ያህል ያዳመጠ አልነበረም። ያዳመጡት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። የዴንማርኩ በርንሃርድ ባንግ ከ1892 ጀምሮ የወተት ላሞችን በቱበርኩሊን እየመረመሩ ትኩሳት ያሳዩትን ከጤነኞቹ በበረት ለዩ፤ ጥጆቹንም የፈላ ወተት እያጠጡ አሳደጉ። ላሚቱ ወፍራምና ወተታም ሆና በሽታውን ተሸክማ ሊሆን ስለሚችል በዓይን ብቻ የሚለይ ነገር አልነበረም።

ምርመራው ምን ያህል እውነት ይናገራል የሚለው ጥያቄ ግን ወዲያው ተከተለ። በሽታው የጸናባት ላም ሰውነቷ ደክሞ ምልክት ላታሳይ ትችላለች፤ በቅርቡ የወለደችውም እንዲሁ። በቅርቡ የተወጋች ላም ዳግም ስትወጋ ምላሿ ይዳከማል። ይህን የተረዱ አንዳንድ ነጋዴዎች መርማሪው ከመምጣቱ በፊት ላሞቻቸውን ራሳቸው እየወጉ ጤነኛ ያስብሉ እንደነበር በአውሮፓና በአሜሪካ የምርመራው ታሪክ ውስጥ ተመዝግቧል። ተንኮል የማያጣው ገበያ የለም። በሌላ ወገን ደግሞ ከአእዋፍ ወይም ከአፈር የሚመጣ የሩቅ ዘመድ ተህዋስ ያገኛት ጤነኛ ላም ታማለች ተብላ ልትታረድ ትችላለች።

የምርመራን ትክክለኛነት በሁለት ሚዛን የመለካት ልማድ ኮህ ካረፉ በኋላ፣ በ1947 ያዕቆብ የሩሻልሚ የተባሉ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በሳንባ ራጅ ንባብ ላይ ባወጡት ጥናት መልክ ያዘ። አንዱ ሚዛን ከታመሙት ምን ያህሉን ይይዛል የሚለው ነው፤ ሌላው ከጤነኞቹ ምን ያህሉን በትክክል ነጻ ይላል የሚለው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ምርመራ ከ100 የታመሙ ላሞች 80ውን ይያዝ፣ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 95ቱን ጤነኛ ይበል። 1,000 ላሞች ካሉበትና 200ው ከታመሙበት መንጋ 160ውን ይይዛል፤ ከ800 ጤነኞች 40ውን በስህተት ታመዋል ይላል። ስለዚህ ምልክት ካሳዩት 200 ላሞች አብዛኞቹ በእርግጥ የታመሙ ናቸው። የታመሙት 20 ብቻ በሆኑበት መንጋ ግን ይኸው ምርመራ 16 ታማሚዎችንና 49 ጤነኞችን አንድ ላይ ያወጣል። መርፌው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በመንጋው ያለው የበሽታ መጠን ነው። ላሙን ለቢላዋ የሚያቀርበው ገበሬ ይህን ሒሳብ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ስህተቱን ለመቀነስ ሁለት ዓይነት ቱበርኩሊን፣ የከብትና የአእዋፍ፣ በላሚቱ አንገት ጎን ለጎን ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት በመለኪያ ይወሰዳል። በተለመደው ዓለም አቀፍ መስፈርት የከብቱ እብጠት ከአእዋፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ላሚቱ ታማለች ይባላል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተካሄደና በ2008 የታተመ ጥናት ወሰኑን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሳይያዙ የሚያልፉትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለት ሚሊ ሜትር በዓይን ኢምንት ናት፤ በወተት ላም ባለቤት ኑሮ ላይ ግን ቀላል አይደለችም።

ኮህ ወደ አፍሪካ የመጡት በሌላ የከብት መቅሰፍት ምክንያትም ነው። በእኛ አገር ክፉ ቀን የሚባለውን ረሀብ ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ፣ በኪምበርሊ ሰፍረው በበሽታው ከሞተ ከብት በተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን የመከተብ ዘዴ አወጡ። ዘዴው ብዙ ከብት አትርፏል፤ አንዳንዴ ግን ራሱ በሽታውን ያስተላልፍ ስለነበር በተሻለ ተተካ።

በ1901 በለንደን ጉባኤ ላይ ኮህ ሌላ ከባድ ቃል ተናገሩ። የከብት ነቀርሳ ከሰው ነቀርሳ የተለየ በመሆኑ በወተት ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ እርምጃ አያስፈልገውም አሉ። የራሳቸው ፈሳሽ በየበረቱ የታመሙ ላሞችን እየለየ ባለበት ሰዓት የተነገረ ነውና ብዙዎችን አስደነገጠ። የብሪታንያ መንግሥት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን በዚያው ዓመት አቋቋመ።

ኮህ በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀብለው በግንቦት 1910 በባደን ባደን ከተማ በ66 ዓመታቸው አረፉ። አመዳቸው በርሊን በሚገኘው፣ በስማቸው በሚጠራው ተቋም ውስጥ ተቀመጠ። የብሪታንያው ኮሚሽን የመጨረሻ ዘገባውን ያወጣው በማግስቱ ዓመት በ1911 ነው፤ ከታመመች ላም የሚታለብ ወተት ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ በነቀርሳ እንደሚይዝ አረጋገጠ።