ሞኒካ፦ ስለ ልጇ ያለቀሰች እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ በዐቢይ ጾም ስለ ራሱ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ስለ ልጁም እያለቀሰ ደጀ ሰላም የሚቆም ወላጅ ብዙ ነው። ልጅ ሕፃን ሳለ ይመከራል፣ ይቆነጠጣል፣ እጁን ተይዞ ቅዳሴ ይመጣል። ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን ማን ይይዘዋል? ልጅህ በሱስ ተይዞብህ፣ ልጅሽ ከቤት ወጥቶ ቀርቶብሽ ወይም ሃይማኖቱን ትቶብሽ ከሆነ ይህን የሞኒካን ታሪክ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞኒካ ዛሬ አልጄሪያ በሚባለው አገር፣ ታጋስታ በምትባል ከተማ የኖረች ክርስቲያን ናት። ባሏ ፓትሪክዮስ ያላመነ፣ ቁጡና ለትዳሩ የማይታመን ሰው ነበር። እሷ ሲቆጣ ዝም ትላለች፣ ሲበርድለት ቀስ ብላ ታስረዳዋለች። እንዲህ በትዕግሥት ይዛው እርሱም ከመሞቱ በፊት ተጠመቀ። በ354 ዓ.ም. የወለደችው ልጇ አውግስጢኖስ ግን ከአባቱ ይልቅ አስለቀሳት።

አውግስጢኖስ ጭንቅላቱ ብሩህ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው የትምህርት ገንዘብ ስላጠረ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠ። ሥራ ፈት ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የሰው ፍሬ እስከ መስረቅ ደረሰ፤ ያውም ርቦት አይደለም። በኋላ ለትምህርት ወደ ቅርጣግና ሄደ። እዚያ ያለ ጋብቻ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር ጀመረ፣ ልጅም ወለደ። ይባስ ብሎ የእናቱን ሃይማኖት ንቆ የማኒ ተከታዮች ከሚባሉት መናፍቃን ጋር ገባ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም አብሯቸው ቆየ።

ሞኒካ በዚህ ጊዜ አዘነች፣ ተቆጣችም። ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ከለከለችው። ታዲያ አንድ ሌሊት ሕልም አየች። በእንጨት ላይ ቆማ ስታለቅስ አንድ ብሩህ ወጣት መጥቶ ለምን እንደምታዝን ጠየቃት። ስለ ልጇ ጥፋት እንደሆነ ብትነግረው፣ እሷ ባለችበት ልጇም እንዳለ እንድታይ አዘዛት። ዞር ብትል አውግስጢኖስ አጠገቧ ቆሟል! ከዚያ በኋላ ማዕዷን ከፈተችለት። ልብ በሉ፤ ኑፋቄውን አልተቀበለችም፣ ልጇን ግን ተቀበለች።

ደግሞ አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጄን ተከራክረው ይርቱልኝ ብላ ለመነች። ጳጳሱ ራሳቸው በልጅነታቸው በዚያው ኑፋቄ ውስጥ አድገው የወጡ ናቸው። ልጁ ገና በአዲስ ትምህርቱ ስለታበየ ክርክር እንደማይጠቅመው፣ ዝም ብላ እንድትጸልይለት፣ እያነበበም ስሕተቱን እንደሚደርስበት ነገሯት። እሷ ግን እያለቀሰች አልላቀቅ ስትላቸው፣ ይህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ እንደማይችል ነግረው አሰናበቷት። ይህን ቃል ከሰማይ እንደመጣ አድርጋ ያዘችው።

በ383 ዓ.ም. አውግስጢኖስ ወደ ሮም ሊሄድ ተነሣ። እናቱ ወይ ቅር፣ ወይ ይዘኸኝ ሂድ ብላ ያዘችው። እርሱም ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሻት። እሷ ወደቡ አጠገብ ባለው በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ስትጸልይ አደረች፤ ሲነጋ ልጁ የለም፣ መርከቡም ሄዷል። ያቺን ሌሊት የለመነችው እንዳይሄድባት ነበር። እግዚአብሔር ግን የዘወትር ልመናዋን ሊፈጽምላት የዚያን ሌሊቱን ነሣት፤ ልጇ የሚመለሰው ከባሕሩ ማዶ ነበርና።

እሷም አልቀረችም፤ ባሕር ተሻግራ በ385 ዓ.ም. ሚላን ደረሰችበት። በዚያ ጳጳሱ ቅዱስ አምብሮስ ነበር። እንደ አገሯ ልማድ ወደ ሰማዕታት መቃብር ምግብና ወይን ይዛ ብትሄድ ተከለከለች። ጳጳሱ የከለከለው መሆኑን ስትሰማ ያለ ማጉረምረም ታዘዘች። አያችሁ፣ ልጇ እንዲለወጥ የምትጸልየው እናት ራሷም ትማር ነበር።

ሞኒካ ሁሉን በትክክል አደረገች ግን አንልም። በወጣትነቱ ትምህርቱ እንዳይሰናከል ብላ ልታጋባው አልቸኮለችም። በሚላን ደግሞ ለክብሩ የሚመጥን ጋብቻ ስታመቻች፣ ብዙ ዘመን አብራው የኖረችው የልጁ እናት ወደ አፍሪካ ተሰናበተች። እርሱም በዚህ አልዳነም፣ ሌላ ሴት ያዘ። ስለዚህ የትናንት ስሕተታችሁ እየከሰሳችሁ ከጸሎት የራቃችሁ ወላጆች አትራቁ። እግዚአብሔር የሞኒካን እንባ የተቀበለው እንከን ስላልነበረባት አይደለም።

በ386 ዓ.ም. አውግስጢኖስ በአንድ የአትክልት ስፍራ አልቅሶ ንስሐ ገባ፤ ወዲያው ለእናቱ ሄዶ ነገራት። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁ ጋር ከቅዱስ አምብሮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሞኒካ በኦስትያ ወደብ ታማ በኀምሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች። ከባሏ ጎን ያዘጋጀችውን መቃብር እንኳ አልጠየቀችም፤ የለመነችው በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧት ብቻ ነው። ልጇም በኋላ የሂፖ ጳጳስ ሆነ፣ የእናቱንም ታሪክ ጽፎ አቆየልን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከሞኒካ ምን እንያዝ? አንደኛ፣ ልጃችሁን አትርገሙ፤ የምትረግሙበት አፍ ይጸልይበት። ሁለተኛ፣ ጥፋቱን ጥፋት በሉት፣ ማዕዱን ግን አትዝጉበት፤ ሲመለስ የሚገባበት በር ይኑረው። ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ እሷ ወደ አባቶች እንደሄደች እናንተም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ልጁ በሱስ ወይም በጭንቀት ታሞ እንደሆነ ጠበሉም ሐኪሙም ይድረሱለት፤ ሐኪም ዘንድ መውሰድ እምነት ማጉደል አይደለም። አራተኛ፣ ቀን አትቁረጡ። ሞኒካ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አልቅሳለች፤ ልጇ ተጠምቆ ካየችው በኋላ የኖረችው ግን ወራት ብቻ ነው። ለእሷ በቅቷታል።

በዚህ ጾም ማታ ስትሰግዱ የዚያን ልጅ የክርስትና ስም ጥሩ። በየመንገዱ የቀሩትን ልጆቻችንን አምላካችን በምሕረቱ ይመልስልን፣ የእናቶችን እንባ ይቁጠርልን፣ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።