ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት

በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ከማቃጠሉ በፊት በሳር ውኃ ገጥመውት ድል የተነሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የምንዘክረው የልጃቸውን የራስ ኃይሉን ሕይወት ነው።

ራስ ኃይሉ ጎጃምን ለብዙ ዘመን ገዙ፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ጎበኙ። በ1924 ዓ.ም. ግን ልጅ ኢያሱን ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ግዛታቸውን አጡ፤ ታሰሩም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ አበባን ስትይዝ ከእስር ወጥተው ለወራሪው አደሩ።

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን የራስ ኃይሉን ዋስትና አምነው ፍቼ ላይ ለኢጣልያኖች እጃቸውን ሰጡ፤ ወዲያውም ተገደሉ።

በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጎጃምን እንዲያረጋጉላቸው ራስ ኃይሉን ወደ አገራቸው መለሷቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ግን እጃቸውን ሰጡ፤ የቀረ ዕድሜያቸውንም አዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ፈጸሙ።

መታሰራቸው ቂማቸውን ያስረዳን ይሆናል። ያሰሯቸው ግን እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች አልነበሩም። የቂምን ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ያልበደለ ሰው ነው። ሕዝብ ቃላችንን የሚያምነን ሁላችን ይህን ልናስብ ይገባናል።