የዓሦችን ጠባይ የመረመረው ካርል ፎን ፍሪሽ

ዓሦችን በመስታወት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ምክንያት የሌለው የሚመስል እንግዳ ጠባይ ያያሉ። አንዱ ዓሣ በመረብ ሲያዝ ቆዳው ተቧጭሮ መልሶ ወደ ገንዳው ቢገባ፣ ሌሎቹ ማንም ሳይነካቸው በድንገት እርስ በርሳቸው ይጠጋጋሉ፤ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ፤ ከዚያም ወደ ገንዳው ግርጌ ወርደው ይሸሸጋሉ። ከደቡብ እስያ ሞቃት ወንዞች የተገኘው ባለ መስመሩ ዜብራ ዓሣ ይህን ከሚያደርጉት አንዱ ነው። የዚህን ድንጋጤ ምክንያት ያገኘው ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበር።

ፍሪሽ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1886 በቪየና ከተማ ተወለደ። አባቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ አጎቱም የታወቀ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ በቤት ውስጥ ልዩ ልዩ እንስሳትን ያረባ ነበር። የበጋ ዕረፍቱንም ብሩንቪንክል በተባለው የሐይቅ ዳር መንደር እያሳለፈ የውኃ ፍጥረታትን በትዕግሥት ይመለከት ነበር። በመጀመሪያ ሕክምና መማር ቢጀምርም ልቡ ወደ እንስሳት ስላዘነበለ ትምህርቱን ለውጦ በሙኒክና በቪየና የእንስሳትን ጥናት ተማረ፤ በ1910ም የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

በዚያ ዘመን ካርል ፎን ሄስ የተባለ ስመ ጥር የዓይን ሐኪም ዓሦች ቀለም አይለዩም ብሎ ያስተምር ነበር። ወጣቱ ፍሪሽ ግን ይህን ለመቀበል አልፈለገም። ሚኖ የተባለውን ትንሽ ዓሣ አንድ ቀለም ባለበት ቦታ ምግብ እንዲፈልግ አለማመደው። ከዚያም ምግቡን አስቀርቶ ያንኑ ቀለም ከደማቅ እስከ ደብዛዛ ከተለያዩ ግራጫ ቀለማት ጋር አቀረበለት። ዓሣው የለመደውን ቀለም ከሁሉም ለይቶ ወደ እርሱ ሄደ። የሚለየው በድምቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ግራጫ ጋር ባምታታው ነበር። ሄስ በዚህ ምክንያት በጽሑፍ ክፉኛ ተቃወመው፤ በ1923 እስኪሞትም ድረስ ሐሳቡን አልለወጠም። አንድ ጀማሪ ተመራማሪ ከዚያ ከመሰለ ባለ ሥልጣን ጋር መጣላቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ዓሦች ድምፅ ይሰማሉ ወይስ አይሰሙም የሚል ነበር። ብዙ ሊቃውንት ድምፅ ሲሰማ ዓሣው ስለማይንቀሳቀስ ደንቆሮ ነው ብለው ደምድመው ነበር። ፍሪሽ ግን፣ ለዓሣው ምንም ጥቅም የሌለውን ድምፅ ዓሣው ለምን ይከተለው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ማየት የማይችል አንድ ድንክ አምባዛ ወስዶ፣ ምግብ በሰጠው ቁጥር ያፏጭለት ጀመር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አምባዛው ምግቡ ሳይቀርብ ፉጨቱን እንደ ሰማ ከመሸሸጊያው ይወጣ ነበር። ፍሪሽ የዚህን ምርመራ ውጤት በ1923 አሳተመ።

የድንጋጤው ነገር የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ፍሪሽ አንድ ሚኖ ከመንጋው ለይቶ ለማወቅ ሲል፣ በጅራቱ አጠገብ ያለውን ነርቭ በመቁረጥ ምልክት አደረገበት። ዓሣው ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ መንጋው በሙሉ ደንግጦ ሸሸ። ሌላ ሰው ቢሆን በነገሩ ተበሳጭቶ ምልክት ማድረጊያውን ብቻ በለወጠ ነበር። ፍሪሽ ግን ሥራውን ወደዚያው አዞረ። የተፈጨ የዓሣ ቆዳ የገባበትን ውኃ ዓሦቹ ምግብ ከለመዱበት ስፍራ ሲያፈስስ፣ ዓሦቹ በመጀመሪያ ተጠጋጉ፤ ከዚያም ሸሽተው ለረጅም ጊዜ ሳይመለሱ ቀሩ። የማሽተት ነርቫቸው የተቆረጠ ዓሦች ግን ምንም አልተሰማቸውም። በዚህም ቆዳው ሲቆስል ከውስጡ የሚወጣ ንጥረ ነገር ለሌሎቹ በሽታ አማካይነት አደጋን እንደሚያስታውቅ ተረዳ። ይህን በ1938 ገለጸ፤ በ1941ም ሰፊ ጥናት አወጣ። ንጥረ ነገሩ የሚገኘው በሁሉም ዓሦች ሳይሆን፣ በተለይ በካርፕና በአምባዛ ወገን በሚቆጠሩት ነው። የጣና ሐይቅ ባለ ጢም ዓሦችም ከካርፕ ቤተሰብ ናቸው።

ይህ ሰፊ ጥናት በወጣበት ዓመት ፍሪሽ ራሱ አደጋ ላይ ወደቀ። የእናቱ እናት ከአይሁድ ወገን ስለ ነበረች፣ የናዚ መንግሥት ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ሊያስወጣው ወሰነ። ሆኖም በዚያን ጊዜ በጀርመን ንቦችን የሚያጠፋ በሽታ ተስፋፍቶ ስለ ነበረና ፍሪሽም በንቦች ጥናት ስላልተተካ ውሳኔው እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ተላለፈ። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ንቦች አበባ ያለበትን ስፍራ በውዝዋዜ እንደሚያመለክቱ በማስረዳቱ ነው፤ በ1973ም ከኮንራድ ሎሬንትስና ከኒኮ ቲንበርገን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1982 በ95 ዓመት ዕድሜው በሙኒክ ሞተ።