ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ማን ነበሩ?

ስለ አገር ሀብትና ስለ መንግሥት አስተዳደር ሲነሣ የአብዛኞቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ውጭ አገር ሊቃውንት ነው። ይሁን እንጂ አንድ አገር ከድህነት ወደ ብልጽግና የሚሻገረው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ፣ ለገዛ ወገናቸው አብራርተው የጻፉ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ዛሬ የእሳቸውን ሕይወት ባጭሩ እናያለን።

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ነው። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ዘምተው መተማ ላይ ሲወድቁ እሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። ምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ከተማሩ በኋላ በመርከብ አውሮፓ ተሻገሩ። አንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በርሊንም ሕክምና አጠኑ።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ይበልጥ የመረመሩት የድህነትን መነሻ ነው። ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው ጽሑፋቸው ችግሩን በግልጽ አስቀመጡት። ወታደር ገበሬው ላይ ተመርቶ የሚበላ ከሆነ፣ ገበሬው ከዕለት ጉርሱ በላይ ለምን ይደክማል? ያተረፈውን ሌላ ይወስድበታላ! ስለዚህ ግብር ልኩ ይታወቅ፣ በገንዘብ ይከፈል፣ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ግምጃ ቤት ይለዩ፣ ሕግ ይጻፍ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት አሉ። ጃፓንንም በምሳሌነት አነሱ።

በኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። እዚያ ቡናውና ቆዳው በባቡር ሲወጣ፣ የፋብሪካ ጨርቁ ሲገባ በዓይናቸው የሚያዩበት ሥራ ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘው መጽሐፋቸው ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ይሠራል፤ የሌለው የብዙ ቀን ልፋቱን በሌላው የጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል። እንዲህ ባለ ንግድ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ባቡር ቢመጣም ዕውቀት ካልቀደመው የሚጠቅመው የውጭውን ነጋዴ ነው።

በእርግጥ ነጋድራስ ለውጡ ከላይ፣ ከንጉሡና ከሹማምንቱ እንዲጀምር ነበር ተስፋቸው። ይኼ ተስፋ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? ለክርክር የሚበቃ ጥያቄ ነውና መምህራኖቻችንም ቢያወያዩን ደስ ይለናል።

ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸው የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ታትሞ አላዩትም፤ እኛ ግን ልናነበው እንችላለን።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ ጠመኔ ይዘን ገጠር ስንወርድ ፊታችን የሚቀመጠው የገበሬ ልጅ ነው። ነጋድራስ እንዳሉት ዕውቀት የሀብት መሠረት ከሆነ፣ የዚያ ልጅ ድካም በርካሽ እንዳይለወጥ ማድረግ የማን ሥራ ይሆን?