የዋልታው የሬዲዮ ሠራተኛ ኤርነስት ክሬንኬል

ሩቅ ካለ ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር የግድ ታላቅ ኃይል ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል የሚል እምነት በብዙ ሰዎች ዘንድ አለ። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንደዚህ አይደለም። አንዲት አነስተኛ አምፖል ለማብራት ከሚበቃው የማይበልጥ ኃይል ያለው ማስተላለፊያ እንኳ፣ መሣሪያውን ጠንቅቆ በሚያውቅና ትዕግሥትን በተማረ ሰው እጅ ሲገባ ባሕርና በረዶ ተሻግሮ ሊሰማ ይችላል። ይህን በሥራቸው ካስመሰከሩት ሰዎች አንዱ የሶቪየት ኅብረቱ የሬዲዮ ሠራተኛ ኤርነስት ክሬንኬል ነው። በዚህ ምንባብ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሬንኬል ዲሴምበር 24 ቀን 1903 ዓ.ም. ቢያሊስቶክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ነገሥታት አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቱ መምህር ነበር። በ1910 ቤተሰቡ ወደ ሞስኮ ተዛወረ። ልጁ በትምህርት ላይ ሳለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ከዚያም አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ተከተሉ። እህልና ማገዶ ጠፋ፤ ኑሮም ከበደ። ክሬንኬልም ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ እየለጠፈ፣ የመካኒክ ረዳት እየሆነ፣ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ቆየ። በ1921 የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሠራተኞችን ከሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም የሞርስን ፊደል፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በአጫጭርና በረዣዥም ድምፆች የሚወከልበትን የምልክት ዘዴ ተማረ። ጆሮው ፈጣን፣ እጁም የቀና ስለ ነበረ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ከሞስኮ አጠገብ በሚገኝ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ።

የወጣቱ ልብ ግን ባሕር ባሕር ይል ነበር። በ1924 መርከብ ላይ ለመቀጠር ተስፋ በማድረግ ወደ ሌኒንግራድ ሄደ። የተሰጠው ሥራ ግን ካሰበው የተለየ ሆነ። ኖቫያ ዜምሊያ በሚባሉት የሰሜን ደሴቶች፣ ማቶችኪን ሻር በተባለው የምርምር ጣቢያ እንዲያገለግል ተላከ። ሥፍራው መርከብ በበጋ ወራት ብቻ የሚደርስበት፣ ፀሐይም በክረምት ለብዙ ሳምንታት የማትታይበት ነው። በዚህ ዓይነቱ ምድር ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኝ መንገድ ሬዲዮ ብቻ ነበር። በጊዜው የነበሩት የሬዲዮ ጣቢያዎች በረጅም ሞገድ የሚሠሩ በመሆናቸው ትልልቅ ሞተር፣ ረዣዥም ምሰሶና ብዙ ነዳጅ ይጠይቁ ነበር። ክሬንኬልም ለነዚህ ሁሉ ምትክ የሚሆን ቀላል ነገር መፈለግ እንደሚገባ ተረዳ።

ምትኩን ያገኙት አማተሮች ነበሩ። አማተር የሚባለው ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ለሙያው ባለው ፍቅር ብቻ መሣሪያ እየሠራና እያሻሻለ ከመሰሎቹ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው ነው። በአሜሪካ በ1912 የወጣው ሕግ አማተሮች ከ200 ሜትር በማይበልጥ ሞገድ ብቻ እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር። እንዲህ ያለው አጭር ሞገድ በዚያን ጊዜ ለሩቅ ግንኙነት እንደማይጠቅም ይታሰብ ስለ ነበረ፣ ማንም የሚሻማው አልነበረም። አማተሮቹ ግን የተሰጣቸውን ሳይንቁ ሲሞክሩና ሲያሻሽሉ ቆይተው፣ በ1921 መጨረሻ የአሜሪካ አማተሮች ምልክት ስኮትላንድ ውስጥ ተሰማ። በ1923 ደግሞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ግራና ቀኝ ያሉ አማተሮች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር በቁ።

ይህ ሊሆን የቻለበት ምክንያት ከምድር በላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው የአየር ክፍል ውስጥ የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ይህም ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። አጭሩ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከዚህ ንብርብር ሲደርስ ይታጠፍና ወደ ምድር ይመለሳል፤ ከምድርም እንደ ገና ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ እየተወረወረ በጥቂት ኃይል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዳሩ ግን ጠባዩ ተለዋዋጭ ነው። በቀን መልካም የሆነው ሞገድ በሌሊት ይጠፋል፤ ሩቅ የሚሰማው ምልክት ቅርብ ላለው ጣቢያ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ በአጭር ሞገድ የሚሠራ ሰው ሰዓቱንና ወቅቱን እያስተዋለ ሞገዱን መለወጥ፣ አንቴናውንም ለመረጠው ሞገድ ማስማማት አለበት። ለምሳሌ 40 ሜትር ርዝመት ላለው ሞገድ የግማሹን ያህል፣ ማለትም 20 ሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ አንቴና ይስማማዋል። ርዝመቱ ካልተስማማ ከማስተላለፊያው የሚወጣው ኃይል በከንቱ ይባክናል።

ክሬንኬል ይህን አዲስ ነገር ከሰማ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1927 ወደ ማቶችኪን ሻር ሲመለስ፣ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ከሚገኘው የሬዲዮ ላቦራቶሪ ያገኘውን የአጭር ሞገድ መሣሪያ ይዞ ሄደ። በዋልታው አካባቢ መሣሪያው እንደሚሠራም በተግባር አረጋገጠ። በሚቀጥለው ዓመት የደረሰ አንድ አደጋ የመሣሪያውን ጥቅም ለዓለም ሁሉ ገለጠ። በሜይ 1928 ኢታሊያ የተባለችው የጣሊያን አየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ በበረዶ ላይ ወድቃ ተሰበረች። የተረፉት ሰዎች በአንዲት አነስተኛ የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያ እርዳታ ይጠሩ ጀመር። ጁን 3 ቀን በአንዲት የሩሲያ ገጠር የሚኖር ወጣት አማተር ራሱ በሠራው መቀበያ ጥሪያቸውን ሰማ። ሰዎቹ መኖራቸው የታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክሬንኬል በ1929 ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር ወደሚባሉት ደሴቶች ተላከ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1930፣ የዋልታው ጨለማ ገና ሳይገፈፍ፣ የሚሰማ ካለ እንዲመልስለት በአጭር ሞገድ ጥሪ አስተላለፈ። መልስ የሰጠው በምድር ሌላ ጫፍ፣ በደቡብ ዋልታ አህጉር የሠፈረው የአሜሪካዊው የሪቻርድ ባይርድ የምርምር ጓድ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በምድር ላይ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ርቀት ስለሌለ ግንኙነቱ በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ።

ክብረ ወሰን ማስመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ሕይወት በእጅ ላይ ሲወድቅ ግን ፈተናው ሌላ ነው። ክሬንኬል ይህን ፈተና ያገኘው ቼሊዩስኪን በተባለችው መርከብ ላይ ነው። መርከቧ በ1933 ከአውሮፓ ወደ ሩቅ ምሥራቅ በሰሜኑ ባሕር ስትጓዝ በበረዶ ተያዘች። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1934 በረዶው ጎኗን ሰብሮ አሰጠማት። አንድ ሰው ሲሞት፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር 104 ሰዎች ከየብስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ቀሩ። ያሉበትን ቦታ የሚያስታውቅ ከሌለ ፈልጎ የሚያገኛቸው አልነበረም።

ከመርከቧ ከተረፈው ዕቃ መካከል አንድ ትንሽ ማስተላለፊያና ባትሪዎች ይገኙ ነበር። ክሬንኬልና ረዳቶቹ በዚያች ሌሊት በረዶ ላይ ምሰሶ አቁመው አንቴና ዘረጉ፤ ድንኳንም ተከሉ። ጣት በሚያደርቅ ብርድ ሽቦውን በባዶ እጅ ማያያዝ ግድ ነበር፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ጥቃቅን ነገር አይጨብጥምና። መቀበያው ሲከፈት በባሕሩ ዳር ያሉት ጣቢያዎች ሲነጋገሩ ተሰማ፤ የክሬንኬልን ጥሪ ግን የሰማ አልነበረም። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ መሣሪያውን እያስተካከለ ደጋግሞ ጠራ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በማግሥቱ የኡዌለን ጣቢያ መለሰለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ ያ ድንኳን የሠፈሩ አፍና ጆሮ ሆነ። አውሮፕላኖች ሊመጡ የሚችሉት የአየሩ ጠባይና የማረፊያው በረዶ ሁኔታ ሲነገራቸው ነበር፤ በረዶው ደግሞ በየጊዜው እየተሰነጠቀ ማረፊያውን ያበላሽ ነበር። የባትሪው ኃይል እንዳያልቅ እያንዳንዱ ቃል ተመጥኖ ይላክ ነበር። ማርች 5 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን ደርሶ ሴቶችንና ሕፃናትን ወሰደ። አፕሪል 13 ቀን የመጨረሻዎቹ ስድስት ሰዎች ሲነሡ ክሬንኬል ከነርሱ አንዱ ነበር። ሬዲዮው እስከ መጨረሻው ማስፈለጉ አልቀረምና ቀድሞ ሊሄድ አይችልም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ክሬንኬል ከዚህ የበለጠ ሥራ ተሰጠው። ሜይ 21 ቀን 1937 ኢቫን ፓፓኒን፣ ፒዮትር ሺርሾቭ፣ ዬቭጌኒ ፊዮዶሮቭና ክሬንኬል ለምርምር በሰሜን ዋልታ አጠገብ በበረዶ ላይ በአውሮፕላን አረፉ። የአውሮፕላኑ ሬዲዮ በመበላሸቱ ለብዙ ሰዓታት ወሬያቸው ጠፋ። ክሬንኬል የራሱን ጣቢያ ተክሎ በደኅና መድረሳቸውን እስኪያስታውቅ ድረስ በሞስኮ ታላቅ ጭንቀት ሆነ።

ይዞት የሄደው ጣቢያ ሁለት ማስተላለፊያዎች ነበሩት፤ አንዱ 20 ዋት፣ ሌላው 80 ዋት ኃይል ነበረው። ባትሪዎቹ የሚሞሉት ነፋስ በሚያሽከረክረው ጄኔሬተር ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። 80 ከ20 አራት እጥፍ ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ የማስተላለፊያው ኃይል አራት እጥፍ ሲያድግ በሩቁ አንቴና ላይ የሚደርሰው ምልክት በቮልቴጅ የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ለሚያዳምጠውም ጆሮ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም፤ በባትሪው ላይ የሚደርሰው ወጪ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ አስተዋይ የሬዲዮ ሠራተኛ ኃይል ከመጨመሩ በፊት አንቴናውን ይመረምራል፣ ሞገዱን ይመርጣል፣ ሰዓቱን ይጠብቃል። ክሬንኬል በዚህ ዘዴ የጓደኞቹን የአየር ጠባይና የባሕር ምርምር ውጤት በየቀኑ ያስተላልፍ ነበር። ጊዜ ሲተርፈውም በልዩ ልዩ አገሮች ካሉ አማተሮች ጋር ይነጋገር ነበር። በኦገስት 1937 ሌቫኔቭስኪ የተባለው አብራሪ ከነጓደኞቹ ዋልታውን አልፎ ሲጠፋ፣ ክሬንኬል ድምፁን ለመስማት ቀንና ሌሊት አዳመጠ። አንዳች አልተሰማም። ያም ሆኖ ማዳመጥ እንደ መናገር ሁሉ የሬዲዮ ሠራተኛ ግዴታ ስለ ሆነ ጆሮውን ከመሣሪያው አላራቀም።

የሠፈሩበት በረዶ ወደ ደቡብ እየተንሳፈፈ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በፌብሩዋሪ 1938 መጀመሪያ ለስድስት ቀናት የነፈሰው ማዕበል ሰፊውን በረዶ ሰባበረውና አራቱ ሰዎች 300 ሜትር በ200 ሜትር ስፋት ባለው ስባሪ ላይ ቀሩ። ክሬንኬል ይህን ሁኔታ ያለ ሁካታ፣ በቁጥርና በአጭር ቃል አስታወቀ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ታይሚርና ሙርማን የተባሉት መርከቦች ደርሰው አነሧቸው። በረዶ ላይ የቆዩት 274 ቀናት ነበር። ክሬንኬልም በዚያው ዓመት የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተብሎ ተሸለመ።

ክሬንኬል በኋለኛው ዘመኑ ለአየር ጠባይ ጥናት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በሚፈለሰፉበት ተቋም ሠራ፤ በ1969ም የተቋሙ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። አማተርነቱን ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተወም። ቼሊዩስኪን ትጠራበት የነበረው የአር፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤም የጥሪ ምልክት የግሉ እንዲሆን ስለ ተፈቀደለት በዚሁ ምልክት ከቤቱ ሆኖ ከዓለም አማተሮች ጋር ይነጋገር ነበር። ዲሴምበር 8 ቀን 1971 ሞስኮ ውስጥ አረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይም እነዚያው አራት ፊደላት በሞርስ ምልክት ተቀርጸዋል።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። አማተሮቹ ማንም ያልተሻማውን አጭር ሞገድ ተቀብለው የዓለም መንገድ አደረጉት፤ ክሬንኬል ደግሞ ጥቂት ዋት ብቻ ይዞ የ104 ሰዎችን ጥሪ ከበረዶ ወደ የብስ አደረሰ። አነስተኛ መሣሪያ የያዘ ሰው መሣሪያዬ አነሰ ብሎ ከማዘኑ በፊት ያለውን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ማስተካከልና በትዕግሥት መጠበቅ ይገባዋል። ሳይሰሙት ሲቀሩ ደግሞ መጥራቱን ማቆም የለበትም።